«በሽሮ አድገን ምን ሆንን?» ላለው ጽሑፍ ከአንዲት የኮንዶሚኒየም እናት የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ሦስት ሰው ልኮልኛል፣ ሦስተኛዋ ጓደኛዬ እንዲያውም «ይሄ ላንቺ ነው የተጻፈው» ብላ ሳቅ ጨምራበታለች፣ ሰው ሳይጠይቀኝ ስለ ጎመን እንደማወራ ስለምታውቅ ነው። ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይሄን ነው፦ ለትንንሽ ልጆች ትኩስ የአገር ውስጥ አትክልትና ፍራፍሬ አብሉ የሚባለው የተደላደሉ ሰዎች ወሬ ነው፣ ዋጋው አይቀመስም፣ አዲስ አበባ የሚሸጠው አትክልት ደግሞ በፍሳሽ የበቀለ መርዝ ነው፣ ልጆችም አይበሉትም፣ ሠርቶ አዳሪ እናት ጊዜ የላትም፣ ደግሞስ እኛ በሽሮ አድገን ምን ሆንን? ስለዚህ ፓስታውንም ሩዙንም የካርቶን ሴሪያሉንም እየሰጣችሁ በሰላም ኑሩ።

እኔ የሥነ ምግብ ባለሙያ አይደለሁም። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ ትልቋ 4 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ 11 ወሩን ይዟል፣ የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ እኔም ባለቤቴም ደሞዝተኞች ነን፣ ወሩ 20 ሲል ኪሳችንን መዳበስ የምንጀምር ሰዎች። እና «የተደላደሉ» የሚለውን ቃል ሳነብ መጀመሪያ ዞር ብዬ ቤቴን ነው ያየሁት።

ከዋጋው ልጀምር፣ ብዙ ሰው «እውነቱን ነው» ያለው እዚህ ጋ ስለሆነ። ጸሐፊው ሱፐርማርኬት ገብቶ የብሮኮሊ፣ የስትሮበሪና የውጭ አፕል ዋጋ ደምሮ ከፓስታ ጋር አስተያይቶ «ይኸው» ብሎናል። ወንድሜ፣ ብሮኮሊ ግዛ ያለህ ማነው? እዚህ አገር ልጅ የሚያድግበት አትክልት የሐበሻ ጎመን ነው፣ ቆስጣ ነው፣ ካሮት፣ ዱባ፣ ድንች፣ ቀይ ሥር ነው፣ ከፍራፍሬ ሙዝና አቮካዶ፣ ረከስ ሲል ፓፓያና ማንጎ። አፕል ካማረህም የጨንቻ አለልህ፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣው ላይ ምን አስቸኮለህ። የፈረንጅ ቅርጫት ሞልተህ ዋጋውን ካየህ በኋላ ትኩስ ምግብ ውድ ነው ማለት፣ ሠርግ ላይ የበላኸውን ቆጥረህ ምሳ ውድ ነው እንደማለት ነው።

ሁለተኛው ስህተቱ ሂሳቡን በኪሎ መሥራቱ ነው፣ ልጅ እኮ የሚበላው በማንኪያ ነው። የሕፃን ሆድ ባንድ ጊዜ የሚይዘው ለያንዳንዱ የሰውነቱ ኪሎ 30 ግራም አካባቢ ነው፣ የኔው 9 ኪሎ ነው፣ 270 ግራም ማለት ነው፣ ከአንድ ኩባያ ብዙም አያልፍም። እና አንድ ኪሎ ካሮት መካከለኛ መካከለኛው ከሆነ ከ10 እስከ 12 ፍሬ ይወጣዋል፣ ትንሹ በቀን ግማሽ ትልቋ አንድ ቢበሉ ሳምንቱን ሙሉ 10 ተኩል ነው፣ ይኸው አንድ ኪሎ ካሮት ለሁለት ልጅ ለሰባት ቀን። አንድ እስር ጎመን ደቅቆ ሲከተፍ ስንት ቀን እንደሚሄድ የሞከረ ያውቀዋል። የሳምንቱን ካሮት፣ ጎመንና የዱባ ቁራጭ ደምሬ ከአንድ ካርቶን የውጭ ሴሪያል ጋር አስተያይቼዋለሁ፣ ካርቶኑ ነው የሚበልጠው፣ ያውም እኛ ቤት አራት ቀን አይቆይም ምክንያቱም ትልቋ ለወንድሟ የተሠራውን ቆማ ነው የምትጨርሰው።

ሱፐርማርኬት ለምን ገባ ደግሞ? የእሁድ ገበያ አለ አይደል። እዛም ቢሆን ዝም ብለህ የመጀመሪያው ድንኳን ላይ ከቆምክ ትሸወዳለህ፣ ዞር ዞር ማለት ነው። እኔ የምፈልገው የተሰባበረውን ካሮት ነው፣ ለገበያ አያምርም ብለው ለብቻ በመደብ ያስቀምጡታል፣ ተቀቅሎ ሊፈጭ ነገር ሙሉ ሆነ ግማሽ ሆነ ለልጄ ምን ይጎዳዋል። ድንች ከሦስት ጎረቤቶቼ ጋር አንድ ኩንታል ገዝተን ለአራት እንካፈላለን፣ 25 ኪሎ ይደርሰናል፣ ጨለማ ቦታ ነው የማስቀምጠው ምክንያቱም ብርሃን ያገኘው ድንች አረንጓዴ እየሆነ ይመርራል፣ አረንጓዴ የሆነውን ለልጅ አይሰጡም። ዱባም እንደዛው ለሁለት ይከፈላል። ይሄ ሁሉ ብልጠት መስሎ ሊታይ ይችላል እንጂ እናቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩት ነው።

ሽንኩርትና ቲማቲም ጨምሯል ላለው እውነት ነው፣ አልከራከረውም፣ በተለይ ክረምት ላይ ቲማቲም ዝናብ ያመጣው በሽታ ስለሚመታው ከመቂና ከዝዋይ የሚመጣው ያንሳል ዋጋውም ይሰቀላል። ግን ሽንኩርቱ የወጣችን ነው እንጂ የሕፃኑ አይደለም። ጽሑፉ «ክረምት ሲገባ ምን ሊያበሏቸው ነው?» ብሎ ያፌዛል፣ እኔን ያሳቀኝ ግን ይሄ ነው፣ ክረምት እኮ የጎመን ጊዜ ነው! አዲስ ዓመት ሲመጣ «ጎመን ውጣ ገንፎ ግባ» የሚባለው ለምን ይመስለዋል፣ ክረምቱን ሙሉ ጎተራ ባዶ ሆኖ ሰው ጎመን ሲበላ ከርሞ ስለሰለቸው ነው። አያቴ እንግዳ ከመጣ የጎመኑን ድስት ጓዳ ታስገባ ነበር፣ ታፍርበታለች። የሚያሳፍር የድሀ ምግብ የነበረው አንድ ትውልድ ሳያልፍ «የተደላደሉ ሰዎች ወሬ» የሆነበትን መንገድ ማወቅ እፈልጋለሁ።

እርግጥ እውነተኛ እጦት ያለበት ቤት አለ፣ እኛው ብሎክ ላይ ልብስ የሚያጥቡ እናት አሉ፣ ለእሳቸው አንድ እንቁላል ራሱ ውሳኔ ነው። ጽሑፉ ላይ የተናደድኩት ግን እንደሳቸው ያሉ ሰዎችን ከፊት አቁሞ ከኋላ ሆኖ የሚያስተዋውቀው ካርቶን መሆኑ ነው። ካርቶኑንማ እሳቸው ከየት አምጥተው ይገዙታል?

ወደ ውሃው ልምጣ። እዚህ ላይ ከጸሐፊው በላይ የምፈራው እኔ ነኝ። ትንሹና ትልቁ አቃቂ ወንዞች የከተማውን ቆሻሻ፣ የፋብሪካውን፣ የቆዳውን፣ የየቤቱን ፍሳሽ ተሸክመው ነው የሚሄዱት፣ በዳርና ዳራቸው ደግሞ ለአሥርት ዓመታት አትክልት ሲለማ ኖሯል፣ ተመራማሪዎችም ደጋግመው ለክተው ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ላይ እርሳስ፣ ክሮሚየም፣ ካድሚየም የመሳሰሉ ከባድ ብረቶች አግኝተዋል። የዚህ ክፋቱ አይታጠብም። በሆምጣጤ ዘፈዝፈው፣ በጨው ዘፈዝፈው፣ ቀቅለው፣ ብረቱ ቅጠሉ ውስጥ ነው ያለው። መታጠብና መቀቀል የሚያስወግዱት አፈሩን፣ ጀርሙንና የወስፋት እንቁላሉን ነው፣ እሱም ቀላል ነገር አይደለም፣ ለዚህ ነው ትንሹ ጥሬ ሰላጣ አፉ ውስጥ ገብቶ የማያውቀው።

እስከዚህ ተስማምተናል። ከዛ ጸሐፊው አንድ ዝላይ ዘለለ፣ «ስለዚህ ትኩስ የሚባል ነገር ሁሉ መርዝ ነው»። የአርባ ምንጭ ሙዝ አቃቂን የት ያውቀዋል? የሲዳማ አቮካዶ፣ የመቂ ቲማቲም፣ የአሶሳ ማንጎ? የሚያሰጋው የከተማው ቅጠላ ቅጠል ነው፣ ቅጠል ብረቱን በደንብ ይስባል፣ የሚለማውም ቶሎ ስለሚጠወልግ ለከተማው ቅርብ የሆነ ቦታ ነው። ጥያቄው ቅጠሉን ከየት ላግኝ የሚለው ብቻ ነው።

መጀመሪያ መጠየቅ ጀመርኩ። ፎቃችን ሥር ጉልት የሚቸረችሩ እትዬ አሉ፣ «እትዬ ይሄ ጎመን ከየት ነው?» ስላቸው «የሆለታ ነው የኔ ልጅ፣ ንጹሕ ነው» ይሉኛል። በሚቀጥለው ሳምንትም የሆለታ። አንድ ቀን ሎሚ አንስቼ «ይሄስ?» ብላቸው «እሱም የሆለታ ነው» አሉኝ። ሆለታ ብርዱ አጥንት የሚሰብር አገር ሎሚ ከየት አመጣች። ሁለታችንም ሳቅን፣ ሎሚውን ገዛሁ፣ ጎመኑን ራሴ ልተክል ወሰንኩ።

በረንዳችን ሰፊ አይደለም፣ ልብስ ከተሰጣ ሰው አያሳልፍም። አራት ባዶ የስኳር ጆንያ ነው የጀመርኩት። የመጀመሪያው ሙከራ ከሽፏል፣ አፈሩን ያመጣሁት ሕንፃ ከሚሠራበት አጠገብ ነበር፣ ሲሚንቶ ይሁን ምን ይሁን ችግኙ ቢጫ ሆኖ ቀረ፣ የተረፉትን ሁለቱን እርግብ ጨረሰቻቸው። በኋላ አማቴ ከሰንዳፋ አፈርና በደንብ የበሰበሰ ፍግ በጆንያ አስጭነው አመጡልኝ፣ «አራተኛ ፎቅ ላይ እርሻ» እያሉ እየሳቁ እሳቸው ናቸው ያሳዩኝ። ሁለት እጅ አፈር አንድ እጅ ፍግ፣ መሀሉ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ጠጠር፣ ውሃው በጠጠሩ ወርዶ ለታችኛውም አፈር እንዲደርስ፣ ችግኙ አናቱ ላይ ብቻ ሳይሆን በጆንያው ጎንም ቀዳዳ እየተደረገ ይተከላል። ሁለት ወር ሳይሞላ ቅጠል መቁረጥ ጀመርን። ሚስጥሩ ከታች ያለውን ትልቁን ቅጠል ብቻ መቁረጥ ነው፣ አናቱን ካልነኩት እየተተካ ለወራት ይሄዳል፣ ነቅለው ከበሉት ግን አንድ ምሳ ነው።

ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ጎመኑ የሚጠጣው ሩዝና አትክልት ያጠብንበትን ሳሙና የሌለበት ውሃ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ጎረቤት በረንዳቸው ላይ እየተንጠባጠበባቸው ቅሬታ አቀረቡ፣ ልክ ናቸው፣ ከሥሩ ሳፋ አደረግሁበት፣ አሁን በሳምንት አንድ ጊዜ ጭብጥ የሚሞላ ቆስጣ እልክላቸዋለሁ፣ ሰላም ነን። አራት ጆንያ ቤተሰብ አይቀልብም፣ የኛን ወጥ አይሸፍንም፣ ለሁለት ልጅ ግን ቅጠሉን ሙሉ ለሙሉ ችሎልኛል፣ ያ በፊት እንቅልፍ ይነሳኝ የነበረው ነገር ነው።

የታሸገ ስለሆነ ንጹሕ ነው ላለው ደግሞ ባጭሩ፦ በቆሎና ኦቾሎኒ እርጥበት ካገኛቸው የሚያወጡት አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ አለ፣ በዓይን ላይታይ ይችላል፣ ምግብ ማብሰያ እሳትም በደንብ አያጠፋውም። ፌስታልና ካርቶን ከዛ አያድንም፣ ያድናል የሚባለው እህሉ ሲደርቅና ሲከማች የተደረገለት ጥንቃቄ ነው። እኔ ለምጥኑ እህል ራሴ ለቅሜ አጥቤ አድርቄ ነው የማስፈጨው፣ ኦቾሎኒ ከጨመርኩ አንዷ ፍሬ ስትጠቁር ወይ ስትጨማደድ ካየሁ እጥላለሁ። ፋብሪካ ጠላቴ አይደለም፣ ፋፋ የሚባለው ዱቄት ስንቱን እንዳሳደገ እናውቃለን፣ ቫይታሚንና ማዕድን ታስቦ የተጨመረበት ዱቄትና ስኳር የተነሰነሰበት ባለ ካርቱን ኮርንፍሌክስ ግን አንድ ዓይነት «የታሸገ» አይደሉም፣ ጽሑፉ አንድ ላይ አጭቆ ነው የሸጠልን።

«እኛ በሽሮ አድገን ምን ሆንን?»

እዚህ ጋ ረጅም ልቆይ ነው፣ ምክንያቱም ይሄን ቃል ከጸሐፊው በፊት ከእናቴም፣ ከአክስቴም፣ ከባለቤቴም ሰምቼዋለሁ። ምን ሆንን? አጠርን! ቀልድ አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ በተደረገው አገራዊ የጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ልጆች 37 ፐርሰንቱ የቀነጨሩ ናቸው፣ ማለትም ለዕድሜያቸው ቁመታቸው ያጠረ። በ2000 እ.ኤ.አ 58 ፐርሰንት ነበር፣ መሻሻሉ ትልቅ ነው፣ ግን ያም ሆኖ ከሦስት ልጅ ከአንድ በላይ ነው። መቀንጨር ደግሞ የቁመት ነገር ብቻ አይደለም፣ የአእምሮ እድገትንም ይነካል፣ በአብዛኛው የሚወሰነውም ከእርግዝና ጀምሮ ልጁ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። መንግሥት ራሱ በ2015 እ.ኤ.አ የሰቆጣ ቃል ኪዳን ብሎ በ2030 አጠፋዋለሁ ያለው ችግር ነው፣ እና ጸሐፊው «ምን ሆንን» ይለናል።

«ድህነት ነው» እንዳይለኝ አንድ ቁጥር ልጨምር። በ2016 እ.ኤ.አ በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት የድሀ ድሀ ከሚባሉት ቤቶች 45 ፐርሰንት ልጆች ቀንጭረዋል፣ ከሀብታሞቹ አንድ አምስተኛ ቤቶች ደግሞ 26 ፐርሰንት። ሀብታም ከሚባለው ቤት ከአራት አንድ! በዛው ጥናት ከፍተኛው ቁጥር፣ 46 ፐርሰንት፣ የተመዘገበው ጤፉና ስንዴው በሚታፈስበት አማራ ክልል ነው። የዚህ መልስ ደግሞ እዛው ጥናት ላይ አለ፣ ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ ልጆች ቢያንስ አራት ዓይነት የምግብ ምድብ የበሉት 14 ፐርሰንት ብቻ ናቸው። የንጹሕ ውሃ ጉዳይ አለ፣ ተቅማጥ አለ፣ የእናትየዋ ጤና አለ፣ ምግብ ብቻ ነው አልልም። ግን ማሳውም ኪሱም እያለ ሳህኑ ላይ አንድ ዓይነት ነገር ብቻ የሚቀመጥበት ቤት ሞልቷል።

አሁን ሽሮን አልሰደብኩም፣ እንዳትጣሉኝ። ሽሮ ጥሩ ነገር ነው፣ ጥራጥሬ ነው፣ ፕሮቲን አለው፣ እንጀራውም በመብላላቱ ለሰውነት የሚያስፈልገውን ብረት (አይረን) ሰውነት እንዳይወስደው የሚይዝ ነገር ይቀንሳል። ችግሩ ሽሮ ብቻውን ጠዋትም ማታም ሲሆን ነው። የልጄ ሆድ ከኩባያ ብዙም አያልፍም አልኩ አይደል፣ ቀጭን አጥሚት ግጥም ካደረገ ሆዱ በውሃ ሞላ፣ ያቺ ኩባያ ባከነች። ስለዚህ እኛ ቤት ሁሉም ነገር ወፍራም ነው፣ ማንኪያ ላይ የሚቆም። ገንፎው ውስጥ ደቅቆ የተከተፈ ጎመን ይገባል፣ ሽሮው ከመውረዱ በፊት በርበሬ የሌለው ለብቻ ይወጣና ካሮት ይፈጭበታል፣ ዱባውና ካሮቱ ላይ ትንሽ ዘይት ጠብ ይደረጋል ምክንያቱም ቫይታሚን ኤው ያለ ቅባት በደንብ አይወሰድም፣ ምስር ከበላ በኋላ ፓፓያ ወይ ብርቱካን ይጨመራል፣ ቫይታሚን ሲው የምስሩን ብረት እንዲወስድ ይረዳዋል። እንቁላል በቀን አንድ ለሁለት። ጡቱም አለ፣ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ይቀጥላል።

እና ሻይ! የስንቱ ልጅ ቁርስ ሻይ በዳቦ ነው፣ እኔም ያደግኩበት ነው፣ ይጣፍጣል፣ ግን ሻይ ከምግብ ጋር ሲሆን ብረቱን ይይዘዋል። ትልቋን ለማስተው ሁለት ወር ፈጅቶብኛል፣ አሁንም አባቷ ፉት ሲል ታየዋለች።

የልጆችን ሳህን የሚነካ ሌላ የኛ ነገር አለ፣ ጾም። ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው። ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ የመጾም ግዴታ የለበትም፣ ይሄን ሁሉም ሰው ያውቃል፣ ግን በጾም ወቅት ልጁ እንቁላል የማያገኘው ጹም ስለተባለ ሳይሆን እናትየው ድስቷ እንዳይነካካባት ስለምትፈራ ነው። እናቴ እኛ ጋ ሁዳዴን ስትከርም እንቁላል ስጠብስ ፊቷ ይጠቁር ነበር። አንዲት ትንሽ መጥበሻ፣ አንድ ማንኪያና አንድ ስፖንጅ ገዝቼ ቀይ ክር አሰርኩባቸውና «እማዬ እነዚህ የልጆቹ ናቸው» አልኳት። አሁን እሷው ራሷ ናት የምትጠብስላቸው። ጾሙ ላይ ደግሞ አንድ ጥቅም አለ፣ ቤቱ በአትክልት ይሞላል፣ አልጫው፣ ፎሶሊያው፣ ቀይ ሥሩ፣ ስለዚህ ያ ወቅት ለልጆቹ የእንቁላል እንጂ የአትክልት እጥረት የለበትም።

ልጆች አይበሉም ለሚለው ነጥብ ብዙ አልደክምም። አንድ ጊዜ ሰጥቶ ተፋብኝ ያለ ወላጅ ገና አልጀመረም፣ አዲስ ጣዕም ለመልመድ ልጅ ከ8 እስከ 15 ጊዜ መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል፣ ግማሽ ማንኪያ፣ ሳያስገድዱ፣ ሌላ ቀን ደግሞ። ትልቋ ቀይ ሥርን ስትሸሸው ቆይታ አንድ ቀን ከንፈሯ መቅላቱን መስታወት ላይ አየች፣ ከዛ ወዲህ «ሊፒስቲኩን ስጪኝ» ነው። እኔ የማየው ትልቁ ችግር ከምሳ አንድ ሰዓት በፊት የሚመጣው ብስኩት ነው፣ ጎረቤትም ዘመድም ለልጅ ይዞ የሚመጣው ብስኩትና ጁስ ነው፣ ሆዱ ኩባያ ነው ብያለሁ፣ በብስኩት ከሞላ ጎመኑን የት ያድርገው? አሁን ልጆቹን ለማየት የሚመጣ ዘመድ ሲደውልልኝ ሳላፍር «ሙዝ ያዝላቸው» እላለሁ። አንዳንዱ ይቀየማል።

በዛውም፣ ለትንንሾች ጥሬ ካሮት፣ ቆሎና ሙሉ ኦቾሎኒ አይሰጥም፣ ያንቃል፣ ማርም አንድ ዓመት ሳይሞላው አይቀምስም።

ጊዜ የለም የሚለው። አዎ የለም። ከወሊድ በኋላ የተሰጠኝ ፈቃድ ስድስት ወር አይሞላም፣ ስድስት ወር ጡት ብቻ አጥቡ ይባላል፣ መሀል ያለውን ጊዜ ማን ይሙላው? እኔ በምሳ ሰዓት መጸዳጃ ቤት ውስጥ ወተት ሳልብ ነው ያሳለፍኩት። ይሄን ጸሐፊው ቢጽፍበት ኖሮ እኔ ነበርኩ የማሰራጨው። እሱ ግን የጻፈው «እናቶች ጊዜ የላቸውም» ነው፣ እናቶች የሚለውን ቃል ቆጥሬዋለሁ፣ 11 ጊዜ አለ፣ አባቶች የሚለው አንድም ቦታ የለም። ባለቤቴ የእሁድ ገበያው የሱ ነው፣ መጀመሪያ ሰሞን የተነካካ ቲማቲምና ያልበሰለ አቮካዶ እያመጣ አቃጥሎኛል፣ አሁን ነጋዴዎቹ በስሙ ይጠሩታል፣ አቮካዶም ለዛሬ፣ ለረቡዕና ለዓርብ የሚደርሱ ብሎ ለይቶ ነው የሚያመጣው።

እሁድ ከሰዓት ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ኩሽና እንገባለን። ካሮቱ፣ ዱባው፣ ድንቹ ይቀቀላል፣ ይፈጫል፣ በትንንሽ ዕቃ ይከፋፈላል፣ የሁለት ቀኑ ፍሪጅ ውስጥ ቀሪው ፍሪዘሩ ውስጥ። መብራት ከጠፋና ከቆየ ያው እኛው እንበላዋለን። የቀረው የሳምንቱ ቀን ማሞቅና እንቁላል መጨመር ነው። ያም ባይሆን ሙዝና አቮካዶ ፈጣሪ ራሱ ያሸጋቸው ናቸው፣ ልጦ መደቆስ ከሴሪያሉ በምን ይረዝማል?

ቀን ልጆቹን የምትይዝልን እህት የወላይታ ልጅ ናት፣ እውነቱን ለመናገር ካነበብኩት ይልቅ ከሷ ብዙ ተምሬአለሁ። ውስጡ ብርቱካናማ የሆነውን ስኳር ድንች ያሳየችን እሷ ናት፣ እኔ የማውቀው ነጩን ነበር፣ ብርቱካናማው ቫይታሚን ኤው ብዙ ነው፣ ተቀቅሎ ሲደቆስ ስኳር አይፈልግም፣ ትንሹ እጁን እየዘረጋ ነው የሚበላው። የቡላ ገንፎም የሷ ነው፣ የሽፈራው ቅጠልም አገር ቤት ደርሳ ስትመለስ አድርቃ ታመጣልናለች። ቡላ ግን በአብዛኛው ጉልበት ሰጪ ነው፣ ብቻውን አይበቃም ብዬ እንቁላልና ጎመን እጨምርበታለሁ፣ «ገንፎዬን አበላሸሽው» ትለኛለች።

ጽሑፉ መጨረሻው ላይ «የልጆቼን ሳህን ለቀቅ አድርጉልኝ» ይላል። ለቀቅኩ። እኔም የራሴን ነው ያወራሁት፣ ማታ ማታ እኛ ቤትም ፓስታ ይበላል፣ ካሮት ይፈጭበታል እንጂ።

ጽሑፉን የላከችልኝ ጓደኛዬ ይሄን ከማውጣቴ በፊት አንብባዋለች። «ጆንያው ያለውን ክፍል ድገሚልኝ» አለችኝ፣ በረንዳዋ ከኛ ይሰፋል። እሁድ ጠዋት 1 ሰዓት ገበያ ተቀጣጥረናል፣ አንድ ትልቅ ዱባ ለሁለት ልንከፍል፣ እሷ ፍሬው የበዛበትን ግማሽ ነው የምትፈልገው፣ ፍሬውን ቆልታ ልትበላው። እኔም እሱን ነው የምፈልገው፣ እዛው እንነጋገራለን።